ሐሙስ ሌሊት የተሰማው ድምፅ ስንት ተኩስ ነው?

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ከተማው ሊያልቅ ሲል። ከብሎኮቹ ጀርባ ማሳ አለ፤ ከማሳው ወዲያ ደግሞ ባህር ዛፍ። የሰፈሩ ነዋሪ በሚወያይበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ተነስቶ 43 መልስ ደረሰ። እኔ የምሠራው በአንድ ጤና ተቋም ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ሳገላብጥ ስለምውል ስለ ቁጥር ሲወራ ዝም ማለት አይሆንልኝም። ክሩን፣ ማለትም ጥያቄውንና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ ከላይ እስከ ታች ደግሜ አነበብኩት። ላልተከታተላችሁ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ። ስም አልጠራም። የውጭ ሀገር ዓመቶችን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ክሩን የከፈቱት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የብሎክ ኮሚቴ አባል ናቸው። ሐሙስ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የተኩስ ድምፅ ቀስቅሷቸው ነበር። ጥበቃዎቻችን ዱላ ብቻ ይዘው ብርድ ላይ ሲያነጉ ማየት አንጀታቸውን እንደሚበላው ጻፉ። ኮሚቴው ለጥበቃዎቹ ሕጋዊ የመሣሪያ ፈቃድ ይጠይቅ ወይ የሚለውን ሐሳብም አቀረቡ። ለማስረጃ ሁለት ቁጥር አስቀመጡ። የመጀመሪያው የእንግሊዝ ነው። እንግሊዝ በ1997 ሽጉጥ ከለከለች፤ በቀጣዮቹ ዓመታት ግን ፖሊስ የመዘገበው የጦር መሣሪያ ወንጀል ጨመረ። ሁለተኛው የአሜሪካ ነው። በ2021 እዚያ በጥይት የሞተው ሰው 48,830 ነው። ከሁለቱ ተነስተው ክልከላ ሌባን እንደማያቆም፣ ወንጀለኛው ከታጠቀ ሰላማዊውም መታጠቅ እንዳለበት ደመደሙ።

ጋሼ ቁጥር አልፈጠሩም፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝም ይኸው ነው። ትክክለኛ ቁጥር ይዞ መሳሳት እንደሚቻል በሥራዬ ስንቴ አይቻለሁ።

1ኛው መልስ ምስጋና ብቻ ነበር። 2ኛውን የጻፈው ሰው እሱም ድምፁን ሰምቶ ልጆቹን ከመስኮት ማራቁን ተናገረ። 3ኛዋ እናት ናት። በወሩ ውስጥ ሦስተኛ ተኩስ መሆኑን ጻፈች። ይህችን መልስ ያዟት፤ በኋላ እመለስባታለሁ። 4ኛው ድምፁ የትራንስፎርመር ፍንዳታ ነው ባይ ነው፤ በዚያ ሰዓት የእሱ ብሎክ መብራት ሄዶ ነበር። 5ኛው ደግሞ ነገሩን ርችት አደረገው።

6ኛዋ ሕግ የተማረች እህት ናት። የመሣሪያው ጉዳይ የሚታየው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሆኑን፣ ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል እንደሆነና ኮሚቴ በስብሰባ የሚወስነው ነገር እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳች። ከዚያ ጋሼን አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ያ 48,830 በውስጡ ምን ምን እንደያዘ ማወቅ ፈለገች።

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው፤ 7ኛው መልስ የእኔ ነው። ቁጥሩን ዘርዝሬ አስቀመጥኩት። ከ48,830ው ውስጥ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። በሌላ ሰው እጅ የተገደሉት 20,958 ናቸው። 549ኙ በአደጋ ሞቱ። 537ቱን የተኮሱባቸው ሕግ አስከባሪዎች ናቸው። የ458ቱ አሟሟት አልለየም። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ሌባ አልመጣበትም፤ የተኮሰበትም ጠላት የለም። ደግሞም ይህ የወንጀል ስታቲስቲክስ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል ከሞት ምስክር ወረቀቶች ላይ የሰበሰበው ነው። ወንጀሉን የሚቆጥረው ኤፍቢአይ ነው፤ ከየፖሊስ ጣቢያው ተቀብሎ። አንዱ መዝገብ የሚጀምረው ከሬሳ ነው፣ ሌላው ከክስ መዝገብ።

በ8ኛው መልስ ጋሼ ልጄ ብለው አመሰገኑኝና ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። በራሱ እጅም ይሙት በሌላ ሰው እጅ፣ ጥይት ጥይት ነው፤ ታዲያ ለምን ይቀነስ? ይህ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣም። የመለስኩላቸው ባጭሩ ነው። የምንፈራው የሌሊት ሌባን ከሆነ 26,328ቱ ስለ ሌባ የሚነግሩን ነገር የለም። ስጋታችን መሣሪያ ከሰው ጋር ሲያድር ምን ይመጣል የሚለው ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት መታየት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ቁጥሩን ከመጥራታችን በፊት የጠየቅነውን ጥያቄ እንወቅ።

9ኛውን የጻፈው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ከኤፍቢአይ የ2021 ቁጥር ጋር ተጠንቀቁ ባይ ነው። በዚያ ዓመት የአመዘጋገቡ ሥርዓት ተቀይሮ ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎች ሪፖርት ሳያስገቡ ቀሩ። የኒውዮርክና የሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሳይቀሩ አላስገቡም። ስለዚህ የ2021ን ቁጥር ከ2020 ጋር ዝም ብሎ ጎን ለጎን ማቆም አይቻልም። 10ኛው ሰው ይህን ማመን አቃተው። ያን ያህል ሀብታም ሀገር የሞቱበትን መቁጠር ካልቻለ እኛማ ምን ልንሆን ነው የሚል ነበር። ቁጣም ነበረበት፣ ሐዘንም።

11ኛው መልስ ከሁሉም ረጅሙ ነው። የጻፈው እዚሁ አድጎ አሁን እንግሊዝ ሀገር የሚኖር ልጅ ነው። ጋሼን በስማቸው ሰላም ብሎ፣ የልጅነት ውለታቸውን አንስቶ ነው ወደ ጉዳዩ የገባው። ነገሩን ከመነሻው ጀመረ። መጋቢት 1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ አንድ ሰው ትምህርት ቤት ገብቶ 16 ሕፃናትንና መምህራቸውን ገደለ። በሚቀጥለው ዓመት የሽጉጥ ክልከላው ሕግ ወጣ፤ ከ160 ሺህ በላይ ሽጉጥ ተሰበሰበ። ጋሼ የጠቀሱት ጭማሪ ግን የእንግሊዝና የዌልስ ፖሊስ መዝገብ ነው። ስኮትላንድ የራሷ መዝገብ አላት።

ከዚያ መዝገቡ ምን እንደሚቆጥር አብራራ። መሣሪያ ተኩሶ ማቁሰል ብቻ አይደለም የሚቆጠረው። በሰደፍ መምታትም አለ፣ አውጥቶ ማስፈራራትም አለ። በአየር ግፊት የሚሠራውም መሣሪያ፣ አስመስሎ የተሠራውም ፕላስቲክ ይቆጠራል። በዚህ ላይ የወንጀል አቆጣጠሩ ደንብ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ በ1998 እና በ2002። ድሮ ፖሊስ ማስረጃ ካላገኘ የማይመዘግበው አቤቱታ አሁን ሰውየው ስለተናገረ ብቻ ይመዘገባል። በዚያው ዘመን ሰዎችን በየቤታቸው እየዞረ ወንጀል ደርሶባችኋል ወይ ብሎ የሚጠይቀው የመንግሥት ጥናት ወንጀል በጥቅሉ ከ1995 ጀምሮ መውረዱን ያሳያል። አንዱ መዝገብ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ አንድ ምሳሌው ነው። በእንግሊዝና ዌልስ የ2002/03 የግድያ ቁጥር ድንገት ከፍ ይላል። ምክንያቱ ሃሮልድ ሺፕማን የሚባል ሐኪም ነው። ለብዙ ዓመታት በሽተኞቹን በመርፌ ሲገድል ኖሮ 172ቱ ግድያዎች የተመዘገቡት በዚያ አንድ ዓመት ነው። ሰዎቹ የሞቱት ግን ከዚያ በፊት ነው። የግድያው ቁጥር መጨመሩን አይቶ የሽጉጡ ክልከላ ውጤት ነው የሚል ሰው ቢመጣ፣ በእጁ ያለው ቁጥር የመንግሥት ነው፤ የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

ልጁ መጨረሻ ላይ ስሌት ሠራ። እንግሊዝና ዌልስ ወደ 60 ሚሊዮን ሕዝብ አላቸው። በዚያ በጥይት የሚገደለው ሰው ሰሞነኞቹን ዓመታት ስናይ በዓመት 30 ገደማ ነው። አሜሪካ በሕዝብ አምስት ተኩል እጥፍ ትሆናለች። በ2021 በጥይት የተገደለባት ሰው ግን 700 እጥፍ ገደማ ነው። ልጁ ልዩነቱን ሕጉ ብቻውን አመጣው አላለም። እንግሊዝ ከክልከላውም በፊት ብዙ መሣሪያ ያልነበረባት ሀገር መሆኗን ራሱ ጨመረ። እንዲህ ለራሱ ወገን የማይመቸውን ሐቅ አብሮ የሚያስቀምጥ ሰው ደስ ይለኛል።

12ኛው የባጃጅ ሹፌር ነው። የፕላስቲኩ ነገር የራሱን ገጠመኝ አስታወሰው። ማታ ሁለት ልጆች አሳፍሮ ወደ ማሳው ጥግ ሲደርስ አንገቱ ላይ ሽጉጥ ደገኑበት። ስልኩንና የቀኑን ገቢ ሰጣቸው። ሲሮጡ አንደኛው ሽጉጡን ጣለው። ብረቱን አንስቶ ሲጫነው እሳት በራ፤ የሲጋራ ላይተር ነበር። ለፖሊስ ቃሉን ሲሰጥ በሽጉጥ ነው ይበል ወይስ በላይተር ቸግሮት እንደነበር ጻፈ። አንገቱ ላይ የተሰማው ቅዝቃዜ ግን እንደ እውነተኛው ነበር። ይህ ሰው እንግሊዝ ቢሆን ኖሮ በጦር መሣሪያ ወንጀል ዓምድ ይቆጠር ነበር። ጥያቄው ስለ ፍርሃቱ ከሆነ ቆጠራው ልክ ነው። ስለ ታጠቁ ሌቦች ብዛት ከሆነ ልክ አይደለም።

13ኛው ላይ ነገሩ መካረር ጀመረ። አንድ ወጣት የፍሎሪዳን የግድያ ሥዕላዊ መግለጫ ለጠፈ። ፍሎሪዳ በ2005 ራስን ለመከላከል መተኮስን የሚያሰፋ ሕግ አውጥታ ነበር። ሥዕሉ ላይ ከ2005 በኋላ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ልጁም ታጥቆ ራስን መከላከል ግድያን እንደቀነሰ በሙሉ ልብ ጻፈ። 14ኛው ሰው ተቆጣ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም እርስዎ ሲባባል ነበር፤ እሱ አንተ ብሎ ጀመረ። ሥዕሉ ላይ ዜሮው ከላይ መሆኑን አላየህም፣ ሳታነብ አትለጥፍ በሚል ልክ ልኩን ነገረው። በ2014 የወጣው ይህ ሥዕል በእርግጥም ተገልብጦ የተሠራ ነው። ቀዩ ቀለም ከላይ ወደ ታች እንደሚፈስ ደም እንዲመስል ተፈልጎ ነበር። ወርዷል የተባለው ግድያ ጨምሯል ማለት ነው። ባለቁጣው ልክ ነበር፤ አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም። 15ኛው የወጣቱ መልስ ነው። ሆድ ባሰው። የተሳሳተው አምኖ እንጂ ሊያታልል እንዳልሆነ ጻፈ። 16ኛዋ እትዬ ሁለቱንም በእናት አፍ ገሠጸቻቸው።

ከ17 እስከ 20 ክሩ ወደ ጅብ ሄደ። አንዱ ጥበቃ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለሌባ ሳይሆን ለጅብ መሆኑን አነሳ። በእርግጥም ቆሻሻ መጣያው ጋ ሌሊት ይመጣሉ። ሌላው ቆሻሻው በጊዜ ቢነሳ ጅቡም እንደማይመጣ መለሰ። ስለ መንገድ መብራት ተወራ፣ ስለ ውሻ ተወራ። ማንም አልተቆጣም።

21ኛው ወደ ጉዳዩ መለሰን። በከተማው መግቢያ ኬላዎች ላይ ይህን ያህል ሽጉጥ፣ ያን ያህል ጥይት ተያዘ የሚል ዜና በየጊዜው እንደሚሰማ፣ ይህም ከተማዋ በመሣሪያ ልትጥለቀለቅ እንደሆነ ማሳያ መሆኑን ጻፈ። 22ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ ፖሊስ ናቸው። የሰውየውን ስጋት አላጣጣሉትም። ግን አንድ ኬላ ላይ ቆመው የሠሩትን አነሱ። ፍተሻ በተጠናከረበት ሳምንት የሚያዘው ይበዛል፤ ዝናብ ሆኖ ፍተሻው ሲላላ ያንሳል። ወደ ከተማ የገባው መሣሪያ በሁለቱም ሳምንት አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። የተያዘ መሣሪያ ቁጥር ከምንም በላይ የፈታሹን ሥራ ይለካል። አዲስ አዋጅ ሲወጣም እንዲሁ ነው። ትናንት በልማድ ሲታለፍ የነበረ መሣሪያ ዛሬ የወንጀል መዝገብ ይከፈትበታል።

እኚህ ሰው ስለ ሰፈራችን የጻፉት ደግሞ ለእኔ የክሩ ምርጥ ነው። እኛ ድሮ የካ ክፍለ ከተማ ነበርን። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተወስዶ ሲቋቋም ወደዚያ ዞርን። የካን ብቻ ይዞ ከ2013 በፊትና በኋላ ያለውን ወንጀል የሚያወዳድር ሰው፣ ሰፈሮቹ ስለሄዱ ብቻ የቀነሰውን ቁጥር ሰላም ስለሰፈነ ነው ሊለው ይችላል። በዚያ ላይ የእኛ ፖሊስ ዓመት ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ የአሜሪካው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር። እኔም ከሥሩ አንድ ነገር ጨመርኩ። ከ100 ሺህ ሰው ስንት ተጎዳ ለማለት መጀመሪያ ስንት ሰው እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ እነዚህ ብሎኮች አልነበሩም፤ ያለነው የገበሬ ማሳ ላይ ነው።

23ኛው ገጠር ያደጉ አባት ናቸው። በአያታቸው ቤት ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለው ውጅግራ ጻፉ። መሣሪያ ክብር እንደነበር፣ ለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ እንደሚተኮስ፣ ጥይቱም ተመልሶ የሚወድቅበት ቦታ እንዳለው። የለቅሶ ጥይት ትከሻው ላይ ያረፈበት የአጎታቸው ልጅ እስከ ዛሬ ክንዱን አያነሳም። የትም አልተመዘገበም። ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም።

24ኛው መልስ ሲመጣ ሁላችንም ዝም አልን።

የጻፈችው ከዚህ በፊት አንድም ቀን ጽፋ የማታውቅ ሴት ናት። ወንድሟ የአንድ ድርጅት ጥበቃ ነበር፤ የድርጅቱም መሣሪያ አብሮት ያድር ነበር። አንድ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ለሰው የተነገረው መሣሪያውን ሲወለውል ባረቀበት ተብሎ ነው። ቤተሰቡ ግን እውነቱን ያውቅ ነበር። እናታቸው ፍትሐት እንዳይከለከል ፈሩ፣ የጎረቤት አፍም ፈሩ። አሟሟቱን የመዘገበውም ሰው አዘነላቸውና አደጋ ብሎ ጻፈ። እሷ የእኔን 7ኛ መልስ አንብባ ነበር። አሜሪካኖቹ 26,328 ብለው ሲቆጥሩ የእሷ ወንድም በማንም ዘንድ እንዳልተቆጠረ ገባት። ምክር አልሰጠችም። ጋሼንም አልተቃወመቻቸውም። ወንድሟ ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥቶ እንደነበር፣ መሣሪያው ባይኖር ኖሮ እስኪነጋ ይቆይ እንደነበር እንደምታስብ ብቻ ጻፈች።

ከ25 እስከ 27 ነፍስ ይማር ነው። በ28ኛው ጋሼ ነፍስ ይማር ብለው ስልኳን ጠየቋት፤ ሊደውሉላት ፈልገው ነው። 29ኛው ግን በሐዘን ክርክር ማሸነፍ እንደማይቻል፣ ሰፈሩ በስሜት መወሰን እንደሌለበት ጻፈ። የሕግ ባለሙያዋ በ30ኛው መልስ እሳት ለብሳ መጣች። የሰውን ሐዘን ለማቃለል የሮጠበትን ፍጥነት አነሳችበት። እኔ የማዝነው በ29ኛው ሰው ነው። ሐሳቡ ውስጥ እውነት ነበረችው፤ አንድ ታሪክ ስታቲስቲክስ አይሆንም። ግን እህታችን ታሪኳን የነገረችን ቁጥሩ ላይ የጎደለውን ለማሳየት ነው። ይህን አላየም።

በ31ኛው መልስ ወደ 3ኛዋ እናት ተመለስኩ። በወሩ ውስጥ ሦስት ተኩስ ብላ ነበርና ቀኖቹን በአክብሮት ጠየቅኋት። በ32ኛው በቅንነት መለሰች። አንዱን ሐሙስ ሌሊት ራሷ ሰማች። ሁለተኛውን ጎረቤቷ ዓርብ ጠዋት ውሃ ሲቀዱ ነገረቻት። ሦስተኛውን ቅዳሜ በቴሌግራም አነበበች። ሦስቱንም አንድ ላይ ስናያቸው የሐሙስ ሌሊቱ ድምፅ ናቸው። አንድ ድምፅ በሁለት ቀን ሦስት ሆነ። እሱም ትራንስፎርመር ይሁን ጥይት ገና አልለየም። እሷ ወዲያው ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር አልሠራችም። ልጅ ያላት ሰው እንዲህ ነው የምትቆጥረው። ፍርሃት አንድን ነገር ደጋግሞ ይቆጥራል። ከተጠየቅሁ እኔም የዚያን ሌሊት በሩን ሁለት ጊዜ ተነስቼ ነው ያየሁት።

33ኛዋ አውስትራሊያን አነሳች። እዚያ በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ከተገደለ በኋላ መንግሥት 650 ሺህ ገደማ መሣሪያ ከፍሎ ሰበሰበ። በጥይት የሚሞተውም ቀነሰ። 34ኛው ቁጥሩ ከ1996 በፊትም መውረድ ጀምሮ እንደነበር አስታወሰ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ተመራማሪዎቹም እስከ ዛሬ የሚነታረኩት ከዚያ በኋላ መውረዱ ፈጠነ ወይስ አልፈጠነም በሚለው ነው። 35ኛው አሜሪካ ውስጥ በ1996 የወጣ የበጀት ድንጋጌ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከሉን የመሣሪያ ጥናት ለረጅም ዓመታት ገትቶት እንደነበር፣ ለዚህ ጥናት ተብሎ 25 ሚሊዮን ዶላር የተመደበው ለ2020 በጀት ዓመት መሆኑን ጻፈ። 36 እና 37 ስለ ወርሃዊ መዋጮ ናቸው። ልለፋቸው።

38ኛውን የጻፈችው የአንዱ ጥበቃችን ልጅ ናት። አባቷ ስማርት ስልክ የለውም። ክሩን ማታ ማታ ታነብለት ነበር። ስለ እሱ ይህን ሁሉ ቀን ሲወራ እሱን የጠየቀ አለመኖሩን ገለጸች። በስድብ አልጻፈችውም፤ ግን ተሰማኝ። አባቷ መሣሪያ አይፈልግም። ሌቦች ዱላ ለመስረቅ አይመጡም፤ ክላሽ ያለው ጥበቃ ጋ ግን ክላሹን ፈልገው ይመጣሉ። እሱ የሚፈልገው ጠንካራ ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ካርድ ያለበት ስልክና ከኋላ ያለው አምፖል እንዲሠራ ነው። ሌላም ነገር ነገራት። ሐሙስ ሌሊት ከውጭ የነበረው እሱ ነው። ከማሳው በኩል ብልጭታ አይቶ ነበር። ብልጭታው ከምሰሶው ላይ ነው የወጣው።

ከ39 እስከ 42 ያለው የባትሪ ዋጋ ነው። አንዱ ከመርካቶ አመጣለሁ አለ፣ ሌላው ፊሽካ ቤት ውስጥ አለኝ አለ። የ14ኛው ሰውና ወጣቱም ታርቀው አብረው መብራት ኃይል ሊሄዱ ተቀጣጠሩ።

43ኛው የጋሼ ነው። የመሣሪያውን ጥያቄ ከኮሚቴው አጀንዳ ማውጣታቸውን በአንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። በምሠራበት ተቋም በጥይት ተጎድቶ የመጣ ሰው መዝገቡ ላይ እንዴት ነው የሚጻፈው?

በማግስቱ ጠዋት ሥራ ስገባ መዝገቡን ከፍቼ አየሁት። ዓምዶቹን በጣቴ ተከተልኩ። ተራ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻ። ከዚያ የበሽታው ዓይነት። ባለፈው ዓመት የመጣ አንድ ጥበቃ ትዝ አለኝ። እግሩን የመታው የራሱ ሽጉጥ ነበር። ገጹን ፈልጌ አገኘሁት፤ በእኔው የእጅ ጽሑፍ የእግር ቁስል ይላል። መሣሪያ የሚል ቃል የለበትም። ማን፣ እንዴት የሚልም የለም። ያን ቀን ሰልፉ በር ድረስ ደርሶ ነበርና ቶሎ ጽፌ አለፍኩ።

በስተቀኝ በኩል ምርመራ የሚል፣ ለማስታወሻ የተተወ ጠባብ ዓምድ አለ። አብዛኛው ገጽ ላይ ባዶ ነው። ኃላፊዬን አስፈቅጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሞላሁት ነው። በምን እንደተጎዳ፣ በራሱ፣ በሌላ ሰው ወይስ በአደጋ እንደሆነ፣ ካልታወቀም አልታወቀም ብዬ። ለጋሼ የላክሁላቸው መልስ የባዶውን ዓምድ ፎቶ ነው፤ ስሞቹን በወረቀት ሸፍኜ።